ግድግዳው የሰጠው አስተያየት

ነገሩ የሆነው ወረታ ውስጥ፣ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ተዝካር ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ ከተማዬ በሄድኩበት ሰሞን፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ጤና ቴክኖሎጂ የተረቀቀ ሰነድ ይዞ መጥቶ ሕዝቡን ለውይይት ጠርቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ «አንተ የተማርክ ነህ፤ ና አብረኸን ተቀመጥ» ብሎ ጎትቶ አስገባኝ። ሰነዱ ወደ አርባ ገጽ ይጠጋል። የታደለን በዚያው ዕለት ጠዋት ሲሆን አስተያየታችን የሚጠበቀው ከምሳ በፊት ነበር። ስለ መመርመሪያ መሣሪያ፣ ስለ ሕሙማን መረጃ አያያዝ፣ ስለ አጎበር፣ ስለ ቤት ለቤት ርጭት ብዙ ነገር ይላል። አወያዩ ጨዋ ወጣት ነው። ዋና ዋናውን አንብቦ ሲጨርስ «እንግዲህ መድረኩ የእናንተ ነው» አለና ዝም አለ። አዳራሹም ዝም አለ።

በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ልጄ፣ ይኸ መድኃኒት ቤት ለቤት የሚረጨው መቼ ነው?»

«በክረምት ነው አባቴ። መስከረም ሳይጠባ ማለቅ አለበት።»

«እኛ ቤታችንን የምንመርገው ለእንቁጣጣሽ ነው» አሉና ተቀመጡ።

ሰው ሳቀ። አወያዩም ፈገግ ብሎ «እናመሰግናለን አባቴ፤ ሌላ አስተያየት?» አለ። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ የባሰውን ደግሞ ልናገር፤ ተራው ሲደርሰኝ ተነሥቼ «ረቂቁ ሁሉን ያካተተ ነው፤ ያዘጋጁት ሊመሰገኑ ይገባል» ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ሰነድ አላነበብኩትም ነበር።

ያ የሽማግሌው አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ዘመን እንደተጠራቀመበት የገባኝ አዲስ አበባ ተመልሼ የቆዩ ጽሑፎችን ማገላበጥ ስጀምር ነው። ለመሆኑ መንግሥት ስለ መርፌው፣ ስለ ርጭቱ፣ ስለ መመርመሪያው ያወጣውን ሐሳብ ይዞ ወደ ሕዝብ ሲወርድ፣ ሕዝቡ ምን ብሎ መልሶ ያውቃል? ሳይጠየቅስ ሲቀር መልሱን በምን ገለጠ? ይህን ጥያቄ በፎገራ ሜዳና በጎረቤቶቹ ታሪክ በኩል ለማየት እሞክራለሁ።

ሜዳውና ንዳዱ

ፎገራን ላላየ አንባቢ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ወረታ ይገኛል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው በዚሁ አካባቢ ነው። በስተምዕራብ ሜዳው እስከ ጣና ዳር ተዘርግቷል። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ የጠረጉትን አፈርና ውሃ እዚህ ያራግፉታል። ከብቱ በአገር የታወቀ ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው ሩዝ ደግሞ ዛሬ የሜዳው መታወቂያ ሆኗል። ውሃው ሀብት ነው፤ ውሃው በሽታም ነው። ክረምቱ ወጥቶ ኩሬው መቅረት ሲጀምር፣ አያቶቻችን «ንዳድ» ይሉት የነበረው ወባ ይነሣል።

የአገሩ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው። ይህች ቁጥር ብዙ ትናገራለች። እንደ ቆላው ዓመቱን ሙሉ ወባ ቢኖርበት ሰው በሽታውን በመጠኑ ይለማመደው ነበር። ደጋ ቢሆን ደግሞ ጨርሶ ባልደረሰበት። መካከል ላይ ያለ አገር ግን ለጥቂት ዓመታት ሰላም ያገኝና አንድ ዓመት ዝናቡና ሙቀቱ ሲገጥም በሽታው እንደ ጎርፍ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው በደንቢያ ሜዳ የሆነው ይኸው ነው፤ ያኔ ወደ 7,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ቦታው ጎንደር እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ የደንቢያ እልቂት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር።

ከዚያ ሁሉ የከፋው ግን በ1950 ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 የመጀመሪያ ወራት የዘለቀው ወረርሽኝ ነው። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር በሰፊው አዳረሰ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ። እህል በማሳ ላይ ቀረ፤ አጫጅ አልነበረምና። በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ወባ ማጥፊያ» ይለው የነበረው ድርጅት ተቋቋመ። የዓለም የጤና ድርጅት ወባን ከምድረ ገጽ እናጠፋለን ብሎ የተነሣበት ዘመን ስለነበር፣ የድርጅቱ ስም ራሱ «ማጥፊያ» እንጂ «መቆጣጠሪያ» አልነበረም።

ግድግዳው

የማጥፊያው መሣሪያ ዲዲቲ ነበር። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። የወባ ትንኝ ሌሊት ሰው ነክሳ ደም ከጠገበች በኋላ ክንፏ ስለሚከብዳት በአቅራቢያዋ ያለ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው ላይ ዲዲቲ ከተረጨ እዚያው ትሞታለች። አንዴ የተረጨ ዲዲቲ ለስድስት ወር ያህል ስለሚሠራ፣ በክረምት ተረጭቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን የንዳድ ወቅት ይጠብቃል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ አንዳች የጎደለው ነገር የለም።

አክስቴ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ያዩትን ሲተርኩልኝ እንዲህ ይላሉ፤ «ካኪ የለበሱ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ብረት አዝለው መጡ። ዕቃችሁን አውጡ አሉ። ማድጋውን፣ ሌማቱን፣ ሕፃኑን፣ ሁሉን አወጣን። በሩ ላይ ቁጥር ጻፉበት። ግድግዳውን ነጭ አደረጉት። ቁንጫውም ትኋኑም ድራሹ ሲጠፋ ጊዜ መርቀን ሸኘናቸው። ኋላ ለዓውደ ዓመት ቤቱን ላሳምር ስል ያ ነጭ ነገር አስጠላኝ። ጭቃውን ከእበት ጋር አቡክቼ መረግሁበት።»

«የሚመጣውን በሽታ እንዲከላከል የተቀባ እንደሆነ አልነገሯችሁም ኖሯል?» አልኳቸው።

«አትቀቡ ሳይሉ አልቀሩም። ግን ለእንቁጣጣሽ ቤቷን ያልመረገች ሴት ምን ትባላለች? እሱን ማን ጠየቀን!»

በአገራችን ከርጭት በኋላ ግድግዳን መልሶ መምረግ የወባ ሠራተኞች ለብዙ ዘመን ሲማረሩበት የኖረ ጉዳይ ነው። ቋሚ ችግር ሆኖ በጽሑፎቻቸው ተመዝግቧል። አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበው ግን በሕዝቡ «የግንዛቤ ማነስ» ስም ነው። እኔ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት እፈልጋለሁ። የአክስቴ ምርጊት አስተያየት ነበር። «የእናንተ የጊዜ ሰሌዳና የእኛ ዓመት አልተገናኙም» የሚል፣ በጭቃና በእበት የተጻፈ አስተያየት። የተረጨው ቤት ተቆጠረ፣ የተመረገው ቤት ግን ምክንያቱ አልተጠየቀም። ርጭቱን ከዓውደ ዓመቱ በኋላ ማድረግ ቢያስቸግር እንኳ፣ ምርጊቱን ወደ ሰኔ ለማምጣት ከሴቶቹ ጋር መመካከር ይቻል ነበር። ለዚህ ግን አስቀድሞ ሴቶቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 የማጥፋቱን ዕቅድ እንደገና መርምሮ፣ ማጥፋት በማይቻልበት አገር መቆጣጠርን ተቀበለ። ዲዲቲም ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ትንኟ ስለተላመደችው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአገራችን የቤት ርጭት ወጥቶ በሌላ ኬሚካል ተተካ። ኬሚካሉ ተለወጠ እንጂ ግድግዳው ያው ነው። እንቁጣጣሽም ከመስከረም አንድ ፈቀቅ አላለም።

ጥሩ ጥያቄ ምን ይመስላል?

እንግዲህ ሕዝቡ ሁሌም ትክክል፣ መንግሥትም ሁሌም ደንቆሮ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለው ታሪክ ለመጻፍ ይቀላል፣ እውነት ግን አይሆንም። የፈንጣጣን ነገር እንመልከት።

«ክትባት» የሚለው ቃል የመጣው ከ«ከተበ» ነው፤ ጻፈ ማለት ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። አያቶቻችን ከዘመናዊው መርፌ በፊት ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በመሰንጠቅ የማስተላለፍ ልማድ ነበራቸው፤ የ19ኛው መቶ ዓመት ተጓዦችም ጽፈውታል። ሰው በዚህ መንገድ ሲታመም ብዙውን ጊዜ ቀለል ይልለታል፤ ሆኖም አንዳንዱን ይገድላል፣ በሽታውንም ለሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋቱ ሥራ በአገራችን ሲጀመር፣ የጎጃምና የበጌምድር ገበሬ ስለ ክትባት ምንም የማያውቅ ሰው አልነበረም። የራሱ ያለው ሰው ነበር። በደጋው ብዙ ቦታ «አንከተብም» ያለውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። አገሩ ሰፊ፣ መንገዱ ጥቂት፣ ሠራተኛውም ጥቂት ነበርና ሁሉን ሰው አሰልፎ መክተብ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የሥራው ስልት በአንዲት ጥያቄ ላይ ተመሠረተ። ሠራተኞቹ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ሥዕል ይዘው ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱና «እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የት አያችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄዋን ልብ በሉ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይመልሳታል። እረኛ ይመልሳታል። መልሱም በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ይውላል፤ ሠራተኛው ወደተባለው መንደር ሄዶ በታማሚው ዙሪያ ያለውን ሰው ይከትባል። መንግሥት በተለወጠበትና አገሩ በታመሰበት በዚያ ዘመን እንኳ ሥራው አልቆመም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። ጥያቄው ሰው ስለሚያውቀው ነገር ከሆነ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ከሆነ፣ መልሱም አንድ ነገር ሲያደርግ በዓይኑ ካየ፣ ሕዝባችን ይመልሳል። አዳራሽ ውስጥ ዝም የሚለው ሰው ገበያ ላይ ተናጋሪ ነው።

የእሸቱ ነገር

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በብዙ የአገራችን ክፍል «ወባ የሚመጣው ከበቆሎ እሸት ነው» የሚል አነጋገር አለ። እኔ ተማሪ ሳለሁ መምህሮቻችን ይህን የኋላ ቀርነት ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱልን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። ወባ የሚመጣው ከትንኝ ነው፤ አለቀ።

አላለቀም። የትንኟ ዕጭ ውሃ ላይ የሚወድቀውን የበቆሎ ብናኝ ስትመገብ ቶሎ እንደምታድግ፣ ብዙዎቹም ለመብረር እንደሚበቁ ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአገራችን ባደረጉት ጥናት አሳዩ። ቀጥሎም በጎጃም ቡሬ አካባቢ በቆሎ በብዛት የሚዘራበት ቦታና ወባ የሚበዛበት ቦታ ተያያዥ መሆናቸው በጥናት ታየ፤ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካንም ነገሩን ስለ በቆሎ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጠው። ገበሬው እሸት በመብላት ወባ ይይዘኛል ማለቱ ስሕተት ነበር። በቆሎው ሲያብብና እሸቱ ሲደርስ ወባ እንደሚነሣ ማየቱ ግን ስሕተት አልነበረም። መምህሩ የማብራሪያውን ስሕተት ሲያርም ትዝብቱንም አብሮ ጣለው።

ሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው። እውቀቱና ስሕተቱ እንደ ጤፍና እንደ እንክርዳድ ተደባልቆ ይመጣል። የጠያቂው ሥራ መልቀም ነው። ሁሉንም እንደ ቃለ እግዚአብሔር መቀበል አይደለም፤ ሁሉንም ከነወንፊቱ መድፋትም አይደለም።

ያልተጠየቀችው ጥያቄ

አሁን ወደ ሜዳው ልመለስና ስለ አጎቴ ልናገር። አጎቴ ከአዲስ ዘመን በኩል የሚኖር ገበሬ ነበር። መሬቱ ጥቂት ስለሆነ እንደ ብዙ የአካባቢው ጎልማሶች የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ወደ ሁመራ ይወርድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ትኩሳት ያዘው። ስሙን የማልጠቅሰው ጤና ጣቢያ የወባ መድኃኒት ሰጠው። ተመለሰበት፤ እንደገና ሰጡት። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ በግራ በኩል እየተነፋ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜም የወባ መድኃኒት ሰጡት። በዚያው ዓመት ሞተ። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ በእጃቸው ያለው ይኸው ነበር፤ ትኩሳት በዚህ አገር ወባ ነው። ግን ካከሙት ሁሉ አንዱም «ባለፈው ዓመት የት ሠርተህ ነበር?» ብሎ አልጠየቀውም።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. አካባቢ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ሰው የሚጨርሰው፣ መድኃኒት የተላመደ ወባ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የነበረው በሽታ፣ ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። በሁመራና በመተማ ቆላ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፤ በዚህ ከፍታ ግን ይኖራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ከሚወርዱና ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገመቱ። ከቤት ውጭ ማደርና ግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥም በጥናት ተገኘ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር በመሆን በአዲስ ዘመን ሕክምና ከፈተ። በአንዲት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይ መመርመሪያ መጣ፤ በየዕለቱ ለአንድ ወር የሚወጋ መርፌም መጣ። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ከ2,000 በላይ ሰው ታከመ። አጎቴ አልደረሰበትም።

የጤና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ሲባል ለከተማ ሰው ትልልቅ ማሽን ይታየው ይሆናል። ለእኔ የምትታየኝ ያቺ ስስ የመመርመሪያ ወረቀት ናት። የትኛው መመርመሪያ በየትኛው ጤና ጣቢያ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስን ሰው፣ ከሊቦ ከምከም ስንት ጎልማሳ በየዓመቱ ቆላ ወርዶ እንደሚመለስ ማወቅ ነበረበት። ይህን የሚያውቁት ደግሞ የጎልማሶቹ ሚስቶች ናቸው። ሳይጠየቅ ሲቀር የሚጠፋው ይህ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው

እንዲያው ለነገሩ፣ የመጠየቅ ነገር በሕጋችን ውስጥ የለም ለማለት አይቻልም። በመስከረም 1986 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ያወጣው የጤና ፖሊሲ ሕዝቡ በሚገባ የተወከለባቸው የጤና ምክር ቤቶች በየደረጃው፣ የጤና ኮሚቴዎችም እስከ ታች ድረስ እንዲቋቋሙ፤ እነርሱም ችግሩን በመለየት፣ በማቀድ፣ በጀት በመያዝና በመገምገም እንዲሳተፉ ደንግጎ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አክስቴ ሙሽራ ሳሉ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የሚጠየቀው ነገር እየከበደ መጥቷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የሰውነት ክፍል ስለ መለገስ፣ በመሣሪያ ስለሚቆይ ሕይወት፣ በቴክኖሎጂ እገዛ ስለሚገኝ ልጅ ይናገራል። በየጤና ኬላው በወረቀት ይያዝ የነበረው የቤተሰብ ማኅደር ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መግባት ጀምሯል። የእገሌ ሚስት መች እንደወለደች፣ እገሌ በምን እንደታከመ የሚነግር መረጃ ነው። ማን ያየዋል? መሣሪያው ቢጠፋስ? ይህን ለመጠየቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ጎረቤት ያለው ሰው መሆን ይበቃል።

ወረታ

የዚያ ቀን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከወራት በኋላ በአጋጣሚ እጄ ገባ። «የተሳተፉት ነዋሪዎች ረቂቁ ሁሉን ያካተተ መሆኑን ገልጸው ሙሉ ድጋፋቸውን ሰጥተዋል» ይላል። «ሁሉን ያካተተ» የሚለው ቃል የእኔ ነው። የሽማግሌው ቃል አልተጻፈም። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ኃፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እውቀት የነበረው ሰው ተናገረና ተሳቀበት፤ ያላነበበው ተናገረና ተመዘገበለት። ጥፋቱን በአወያዩ ላይ ብቻ መጫን አልችልም። እሱ የጠየቀው ድጋፍ ነበር፤ ድጋፍ የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ዝም ያለ አይነቅዝ ይሆናል፤ ግድግዳው ግን ይነቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎችና 1,157 ሟቾች መመዝገባቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። ወባ ታሪክ ሆነ ያልን ሁሉ ተሳስተናል። ስለ አጎበሩ፣ ስለ ርጭቱ፣ ስለ መመርመሪያው ገና ብዙ ረቂቅ ይመጣል፤ ገና ብዙ አዳራሽ ይከፈታል።

እንዲህ ያለ ጥሪ ለደረሰው አንባቢ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ላካፍል። ረቂቁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በስብሰባው ጠዋት የታደለ ሰነድ ለማጽደቅ እንጂ ለመወያየት አይበቃም። ስለ ሁሉም ነገር አትናገሩ፤ በዓይናችሁ ስላያችሁት አንድ ነገር ተናገሩ፣ ወርና ቦታ ጠቅሳችሁ። በናበጋ ወይም በዋገጠራ በመኸር ጊዜ ሰው የሚያድረው ማሳ ላይ መሆኑን የምታውቁ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚሰቀል አጎበር ለዚያ ሰው ምን እንደሚረባው ጠይቁ። የተናገራችሁትም በጽሑፍ ይሁን። ፊደል ያልቆጠረ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ቃሉን ሳትለውጡ ጻፉለት፤ የተማረ ሰው ለሰፈሩ ካለበት ዕዳ ቢያንስ ይቺን ይክፈል።

እኔ በበኩሌ ዘግይቼም ቢሆን ለዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ያመሰገንኩትን ምስጋና አንስቼ በምትኩ የሽማግሌውን ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፤ ርጭቱ በክረምት፣ ምርጊቱ ለእንቁጣጣሽ መሆኑን አስረድቼ፣ የሁለቱን ጊዜ የሚያስታርቅ ምክክር ከየቀበሌው ሴቶች ጋር ይደረግ አልኩ። አንድ ገጽ አልሞላም። መልስ እስካሁን አልመጣም።

የከተማችን ስም በቋንቋችን ሌላ ትርጉምም አለው። ወረታ ማለት ለተደረገ መልካም ነገር የሚመለስ ብድራት ነው። ሰው ሥራውን ፈትቶ፣ ገበያውን ትቶ፣ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ከተናገረ ወረታው አበል ወይም ሻይ አይደለም። «ያላችሁትን ሰምተናል፤ ይህን ተቀበልን፣ ይህን በዚህ ምክንያት አልተቀበልንም» የሚል ቃል ነው። ሽማግሌው ይህን ቃል ሳይሰሙ አረፉ ሲባል ሰማሁ። ቤታቸው ግን አለ። ባለፈው መስከረም በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ግድግዳው አዲስ ተመርጎ ገና አልደረቀም ነበር።